«ዘ ብሪጅ»፦ ከታሪኩ ጋር የገንዘብ ምንጩም አብሮ የሚታይበት ድራማ

ስዊድንና ዴንማርክ በጋራ የሠሩት «ዘ ብሪጅ» የተባለው የወንጀል ድራማ በአራት ሲዝን 38 ክፍል አለው። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ታሪኩ ጥሩ ነው፣ ትወናው ደግሞ ከጥሩም በላይ ነው። ይህ ግምገማ የተጻፈው ግን በተለይ ሀዋሳ ላይ ካሜራ ይዘው፣ ስክሪፕት ጽፈው፣ አንድ ሁለት አጭር ፊልም ጨርሰው አሁን «ተከታታይ ድራማ እንሥራ፣ ግን ገንዘቡን ከየት እናምጣ?» ለሚሉ ሰዎች ነው። የገንዘብ ምንጩና ታሪኩ እንዲህ ተገጣጥመው የተሠራ ሥራ እምብዛም ስለማይገኝ፣ ለእነሱ ይህ ድራማ ከመዝናኛነቱ ይልቅ ማስተማሪያነቱ ያመዝናል። ክፍሉ አልቆ የድርጅቶች ስም መውረድ ሲጀምር አብዛኛው ሰው ወደ ሪሞቱ ይዘረጋል። አታጥፉት። ማን እንደከፈለና ስንት አገር እንደተሳተፈ እዚያው ላይ ተጽፏል።

መጀመሪያ ግን ዕቃውን ስለማግኘት እናውራ። የእንግሊዝኛ የትርጉም ጽሑፍ ያለው ዲስክ ብሪታንያ ውስጥ የወጣ ነው፤ አሮው የተባለው አከፋፋይ «ኖርዲክ ኑዋር» በሚለው ስያሜው አሳትሞታል። ዲቪዲ የሚሸጠው ዓለም በተከፋፈለችባቸው ሪጅን በሚባሉ ክፍሎች ተለይቶ ነው፤ የብሪታንያው ሪጅን 2 ሲሆን ኢትዮጵያ የተመደበችው ሪጅን 5 ውስጥ ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዞት የመጣው ዲስክ ቤት ያለው ማጫወቻ ውስጥ ሲገባ አልነበብም ቢል ዲስኩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ሁሉንም ሪጅን የሚያነብ ማጫወቻ ላይ ያለችግር ይሠራል። በኮምፒውተር ለማየት የሚሞክር ሰው ይጠንቀቅ፤ የዲቪዲ ድራይቭ ሪጅን የሚቀየረው 5 ጊዜ ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ በመጨረሻው ላይ ተቆልፎ ይቀራል። ብሉሬይ ከሆነ አውሮፓና አፍሪካ አንድ ላይ ሪጅን ቢ ውስጥ ስለሆኑ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። ስለዚህ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ብሉሬዩን ቢመርጥ ይሻላል። የፊልም ክበብ ውስጥ ወይም አዳራሽ ከፍቶ ለማሳየት ግን ለቤት የተገዛ ዲስክ ፈቃድ አይሆንም፤ የማሳያ ፈቃድ ከመብቱ ባለቤት ለብቻው ይጠየቃል።

ስለ ቋንቋውም አንድ ማሳሰቢያ አለ። ስዊድናዊቷ በስዊድንኛ ትናገራለች፣ ዴንማርካዊው በዴንማርክኛ ይመልስላታል፣ ያለ አስተርጓሚም ይግባባሉ። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ሁለቱን ሳይለይ ያወጣቸዋል። ልዩነቱን በጆሮ መያዝ የተመልካቹ ሥራ ነው፤ ዴንማርክኛው ቃሉን ጉሮሮ ውስጥ ያስቀረዋል፣ ስዊድንኛው ዜማ አለው። በአንድ ምሽት ሲዳሙ አፎ፣ አማርኛና አፋን ኦሮሞ እየተቀያየሩ የሚሰሙበት ከተማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ ሩቅ ነገር አይደለም፣ ሁለተኛው ክፍል ላይ ይለመዳል። ልዩነቱን የሳተ ሰው ግን የትኛው ፖሊስ በማን አገር እንግዳ እንደሆነ ስለማይገባው የድራማውን ግማሽ ያጣል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። የኤረሱንድ ድልድይ ማልሞን ከኮፐንሃገን ያገናኛል። በ2000 ነው የተከፈተው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ድልድዩ ብቻውን 8 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ ሰው ሠራሹ ደሴትና ከባሕር በታች የሚያልፈው ዋሻ ሲጨመሩ ጠቅላላ መሻገሪያው 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ድራማው ሲጀምር ድልድዩ ላይ መብራት ይጠፋል። ሲመለስ ልክ የሁለቱ አገር የድንበር መስመር ላይ የሴት አስከሬን ተጋድሞ ይገኛል። ለማንሳት ሲሞክሩ ወገቡ ላይ ለሁለት ይከፈላል። የላይኛው አካል የስዊድን ፖለቲከኛ ነው፣ የታችኛው ደግሞ ኮፐንሃገን ውስጥ በሴተኛ አዳሪነት ትተዳደር የነበረች ሴት።

ይህን ምስል በፕሮዲውሰር ዓይን እንየው። አስከሬኑ ማልሞ መሀል ከተማ ቢገኝ ኖሮ ጉዳዩ የስዊድን ፖሊስ ጉዳይ ይሆን ነበር። የዴንማርኩ መርማሪ ለእንግድነት ካልሆነ በቀር የሚገባበት ምክንያት የለውም። እሱ ከሌለ የዴንማርክ ተመልካች የራሴ ታሪክ ነው አይልም፣ ተመልካቹ ካላለ ደግሞ የዴንማርክ ጣቢያ በእኩል ባለቤትነት የሚከፍልበት ምክንያት አይኖረውም። ሁለቱንም ከፋይ ለታሪኩ የግድ አስፈላጊ የሚያደርገው ያ መስመር ነው። ደራሲው ሃንስ ሮሰንፌልትና አብረውት የሠሩት ሰዎች ሁለተኛውን አገር በመጨረሻ አልለጠፉትም፤ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምረው ታሪኩን በሁለት አገር ላይ አቆሙት።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የምትመጣ አንዲት ትዕይንት አለች። የልብ ሕመምተኛ የጫነ አምቡላንስ ድልድዩን ለመሻገር ይመጣል። የስዊድኗ መርማሪ ሳጋ ኖሬን ቦታው የወንጀል ስፍራ ስለሆነ አያልፍም ትላለች። የዴንማርኩ ማርቲን ሮዴ ሰውዬው እንዳይሞት ብሎ ያሳልፈዋል። እሷም ሪፖርት ታደርግበታለች። ትዕይንቷ ከጥቂት ደቂቃ አትበልጥም፤ ነገር ግን የሁለት ሰው ጠባይ፣ የሁለት አገር አሠራርና ለ10 ክፍል የሚበቃ ግጭት አስቀምጣ ታልፋለች። በጋራ ለመሥራት የሚያስብ ጸሐፊ ይህችን ትዕይንት ደጋግሞ ቢያያት ከማንኛውም ሥልጠና የበለጠ ያገኝባታል።

ከኋላ ወደሚያልፈው የስም ዝርዝር እንምጣ። ሁለት ፕሮዳክሽን ኩባንያዎች አሉ፤ ከስዊድን ፊልምላንስ ኢንተርናሽናል፣ ከዴንማርክ ኒምቡስ ፊልም። ሁለት መሆናቸው ለክብር አይደለም። የአንድ አገር የሕዝብ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚለቀቀው እዚያው አገር ለተመዘገበ ኩባንያ ስለሆነ በየአገሩ አንድ ተቀባይ ያስፈልጋል። ከዚያ ዋናዎቹ ጣቢያዎች ይመጣሉ፤ የስዊድኑ ኤስቪቲና የዴንማርኩ ዲአር። ቀጥሎ የኖርዌዩ ኤንአርኬ፣ የጀርመኑ ዜድዲኤፍ፣ ኖርዲስክ ፊልምና ቲቪ ፎንድ የተባለው የጋራ ፈንድ እና የአውሮፓ ኅብረት ሚዲያ የተባለው ፕሮግራም አሉ።

ጀርመን ምን አገባት የሚል ሰው አይጠፋም። የኖርዲክ አገሮች (የስዊድን፣ የዴንማርክ፣ የኖርዌይ፣ የፊንላንድና የአይስላንድ) የወንጀል ድራማ ለረጅም ጊዜ ቆሞ የሄደው በጀርመን ገንዘብ ጭምር ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የስዊድን የፖሊስ ፊልሞች ሲሠሩ የጀርመን ጣቢያዎች አብረው ይከፍሉ ነበር። በ2007 የጀመረው የዴንማርኩ «ዘ ኪሊንግ» ላይም የዜድዲኤፍ የሽያጭ ክንድ ገብቶበታል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዜድዲኤፍ እሁድ ማታ በእኛ አቆጣጠር 4 ሰዓት አካባቢ ለውጭ የወንጀል ድራማ የተለየ ሰዓት አለው፣ ያንን ሰዓት ዓመቱን ሙሉ መሙላት አለበት። ያለቀ ሥራ ቆይቶ ከመግዛት ስክሪፕት ላይ እያለ ገብቶ መብቱን መያዝ ይረክሰዋል። ለኖርዲኮቹ ደግሞ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው ገበያ ከቀረጻ በፊት ተሸጠ ማለት ነው።

ይህ ገንዘብ ግን የራሱን ቅርጽ ይዞ ይመጣል። ዜድዲኤፍ የአንድ ሰዓት ክፍሎችን ሁለት ሁለቱን አጣምሮ ነው ያስተላለፈው፤ የመጀመሪያው ሲዝን 10 ክፍል ጀርመን ላይ አምስት ምሽት ሆኗል። አራቱን ሲዝኖች ቁጠሯቸው፤ 10፣ 10፣ 10፣ 8። ሁሉም ለሁለት ይካፈላል። «ዘ ኪሊንግ»ም 20፣ 10፣ 10 ነው። ጀርመኖቹ ድምፁንም በራሳቸው ቋንቋ ይቀይሩታል፣ ስለዚህ ስዊድንኛና ዴንማርክኛ የሚለያዩበት ለዛ ለእነሱ አይደርሳቸውም። በዋናው ቋንቋ እንዲታይ አጥብቀን የምንመክረው በዚህ ነው።

የገንዘብ ዕቅድ እንዴት ይዘጋል? አሠራሩን ለማሳየት ብቻ ጠቅላላ ወጪውን 100 ብለን እንውሰድ፤ የዚህ ድራማ እውነተኛ በጀት አይደለም። የስዊድን ጣቢያ 25፣ የዴንማርክ ጣቢያ 25፣ የጀርመኑ 18፣ የኖርዌይና የሌሎቹ ጎረቤቶች ጣቢያዎች 7 ቢያወጡ 75 ደረሰ። ቀረጻው የሚካሄድበት ክልል ፈንድ 8 ይጨምራል። ዓለም አቀፍ አከፋፋዩ ወደፊት ከሚሸጠው ላይ የሚቀነስ 7 በቅድሚያ ይሰጣል። አሁን 90 ላይ ነን። የጋራው ፈንድ 7 ያክልበታል፣ የቀረችውን 3 ፕሮዲውሰሮቹ ከራሳቸው ክፍያ ያስቀራሉ።

ከቁጥሩ በላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ኖርዲስክ ፊልምና ቲቪ ፎንድ ከ1990 ጀምሮ ያለ፣ ኦስሎ የሚገኝ፣ የአምስቱ የኖርዲክ አገሮች መንግሥታት፣ የፊልም ተቋማትና ጣቢያዎች የሚያዋጡበት ፈንድ ነው። ገንዘቡ የማሟያ ገንዘብ ነው፤ አብዛኛው በጀት ተገኝቶ ጉድለቱ ሲቀር ነው የሚገባው። ሥራው ቢያንስ በሁለት የኖርዲክ አገሮች እንደሚታይ ማረጋገጫም ይጠይቃል። ባዶ እጁን ወደዚያ የሚሄድ ፕሮዲውሰር በደግነት ይሸኛል እንጂ ገንዘብ አያገኝም። የአውሮፓ ኅብረቱ ፕሮግራምም ከ2014 እስከ 2020 በነበረው ደንቡ ለአንድ ድራማ ከተፈቀደው ወጪ 12.5 በመቶ፣ ቢበዛ 500,000 ዩሮ ነበር የሚሰጠው፤ ለትልልቅ ተከታታዮች ብቻ ጣሪያው ከፍ ይላል። የመጀመሪያውን በር የሚከፍተው የራስ አገር ጣቢያ ነው። እሱ ካልፈረመ ሌላው አይፈርምም።

የክልል ፈንዱ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ማልሞ ባለችበት በስኮነ ክልል ፊልም ኢ ስኮነ፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ ከ1992 ጀምሮ ያለው ፊልም ኢ ቬስት አሉ። ገንዘቡን ሲሰጡ ክልላቸው ውስጥ እንዲወጣ ይፈልጋሉ፤ ሆቴል፣ ምግብ፣ መኪና ኪራይ፣ የአካባቢው ባለሙያ ደመወዝ። የመርማሪ ቫላንደር ፊልሞች የተቀረጹባት ኢስታድ የምትባል ትንሽ የወደብ ከተማ በዚህ መንገድ ስቱዲዮ ያላት ከተማ ሆናለች። ሀዋሳ ላይ የዚህ አምሳያ የሚሆነው ሆቴሎች በነፃ የሚሰጡት አልጋና ምግብ ነው፣ ይህ በብዙ ሥራ ላይ አለ። ችግሩ በቃል ብቻ መቅረቱ ነው። የ20 አልጋ የ15 ቀን ዋጋ ተሰልቶ፣ በደብዳቤ ተፈርሞ፣ በጀቱ ውስጥ እንደ አንድ መዋጮ ካልገባ የውጭ ሸሪክ ፊት እንደሌለ ይቆጠራል። ሲገባ ግን የእናንተን ድርሻ ከፍ ያደርገዋል፣ ድርሻ ከፍ ሲል የመብት ክፍፍሉም ይሻሻላል።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛው ምንዛሪ ነው። የዴንማርክ ክሮነ ከዩሮ ጋር ታስሮ ስለሚኖር ብዙም አይነቃነቅም፤ የስዊድኑ ክሮና ግን በገበያ ይወጣል ይወርዳል። በጀቱ በአንዱ ተሠልቶ ወጪው በሌላው ሲሆን፣ ከፊርማ እስከ ቀረጻ ባለው ጊዜ ጥቂት በመቶ ሊጠፋ ይችላል። እኛ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ውል ላይ «በዕለቱ ምንዛሪ» ብሎ ማለፍ ለጠብ መንገድ መክፈት ነው። የየትኛው ቀን፣ የየትኛው ባንክ፣ የመግዣ ወይስ የመሸጫ ዋጋ እንደሆነ ይጻፍ።

ሁለተኛው የክፍያ ጊዜ ነው። ጣቢያ ገንዘቡን አንዴ አይሰጥም። ሲፈረም፣ ቀረጻ ሲጀመር፣ የመጀመሪያው ኤዲት ሲታይ፣ የመጨረሻው ደግሞ ርክክብ ሲፈጸም ይከፍላል። ካሜራ ኪራይና የተዋናይ ክፍያ ግን ዛሬ ነው። አውሮፓ ውስጥ ይህን ክፍተት ባንክ የጣቢያዎቹን ውል በዋስትና ይዞ ያበድራል፣ ወለዱም በጀት ውስጥ ይገባል። ወለዱን ሳያስገባ የሚያቅድ ሰው ትርፉን ራሱ እንደበላ ይቁጠረው።

ሦስተኛው ርክክቡ ነው፤ ሀዋሳ ላይ ለሚሠራ ሰው ከሁሉ የሚከብደውም ይህ ይመስለናል። የውጭ ጣቢያ የሚቀበለው ያለቀውን ቪዲዮ ብቻ አይደለም። ንግግር የሌለበት፣ ሙዚቃና የአካባቢ ድምፅ ብቻ ያለበት ለብቻው የተቀመጠ የድምፅ ትራክ ይፈልጋል፤ ያለሱ በራሱ ቋንቋ ማስገባት አይችልም። ጽሑፍ ያልተለጠፈበት ንጹሕ ምስል ይፈልጋል። የእያንዳንዱ ሙዚቃ ስም፣ ደራሲ፣ የሰከንድ ርዝመትና የመብት ወረቀት ይፈልጋል። የ«ዘ ብሪጅ» የመግቢያ ዘፈን ድራማው ከመሠራቱ በፊት በዴንማርክ የሙዚቃ ቡድን የወጣ ነው፤ እንዲህ ያለ ነባር ዘፈን ለአንድ አገር ብቻ ፈቃድ ተወስዶለት ቢሆን ኖሮ ሥራው ከ100 በላይ ወደሆኑ አገሮች ሊሸጥ አይችልም ነበር። አሁን ፒያሳ ላይ የሚቀረጽ ትዕይንት አስቡ። ባጃጅ ዘፈን ከፍቶ ያልፋል፣ ዘፈኑ ከተዋናዩ ንግግር ጋር አንድ ማይክ ላይ ይገባል። ከዚያ በኋላ ንግግሩን ከዘፈኑ አጥርቶ መለየት በጣም ይከብዳል፣ ዘፈኑም የሰው ንብረት ነው። በአንድ ባጃጅ ምክንያት ትዕይንቱ ለውጭ ሽያጭ አይሆንም። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ሰው ሳይናገር ለአንድ ደቂቃ የአካባቢውን ድምፅ ለብቻ መቅረጽ፣ ተዋናዩን በደረት ማይክ ለብቻው ትራክ ላይ መያዝ፣ መንገዱን ለሚዘጋ አንድ ሰው የቀን አበል መክፈል።

አራተኛው የተዋናይ መልቀቅ ነው። ማርቲንን የተጫወተው ኪም ቦድኒያ ከሁለተኛው ሲዝን በኋላ ወጣ። በአንድ አገር ሥራ ላይ ቢሆን ሌላ ጥሩ ተዋናይ ይፈለጋል፣ ያበቃል። እዚህ ግን የጎደለው የዴንማርክ ግማሽ ነው፤ በስዊድናዊ ሊሞላ አይችልም። ሦስተኛው ሲዝን ላይ ቱሬ ሊንድሃርት ሄንሪክ ሳብሮ ሆኖ ገባ። ማርቲን በሞቀ ጠባዩ ቦታ ይሞላ የነበረውን ሄንሪክ በተሰበረ ልብ ሞላው፤ ጸሐፊዎቹ የቀድሞውን ሰው ግልባጭ አለመሥራታቸው የዚህ ድራማ ትልቁ ብልህነት ነው።

ሲዝኖቹን በፍጥነት እንያቸው። የመጀመሪያው በ2011 ወጣ፤ ገንዘቡና ታሪኩ ከሁሉም በላይ የተገጣጠሙበት ነው። ሁለተኛው በ2013 ሠራተኛ የሌለባት የጭነት መርከብ ድልድዩን ስትመታ ይጀምራል። ውስጧ አምስት ወጣቶች በሰንሰለት ታስረው ይገኛሉ፤ ሦስቱ ስዊድናውያን፣ ሁለቱ ዴንማርካውያን። ምርመራውን የጋራ የሚያደርገው ምክንያት አሁንም በመጀመሪያው ትዕይንት ተቀምጧል። ታሪኩ ግን ቅርንጫፍ ያበዛል፣ መሀሉ ላይ ማን ማን እንደሆነ ለመያዝ ወረቀት ያስፈልጋል፤ መጨረሻው ግን ከአራቱም ሲዝን በጣም የሚያመው ነው። ሦስተኛው በ2015፣ ዴንማርካዊት ሴት ማልሞ ውስጥ ተገድላ ስትገኝ ነው የሚጀምረው። የድንበሩ ምክንያት ከበፊቱ ደከም ብሏል፤ ሳጋን የምትጫወተው የሶፊያ ሄሊን ትወና ግን እዚህ ላይ ጫፉ ላይ ይደርሳል። አራተኛው በ2018 የወጣ ባለ 8 ክፍል ነው፣ የተገደለችውም የዴንማርክ የስደተኞች ጉዳይ ኃላፊ ናት። ስዊድን በጃንዋሪ 2016 በዚያው መሻገሪያ ላይ የመታወቂያ ፍተሻ ጀምራ ስለነበር ርዕሱ ከጊዜው ጋር ይሄዳል። ወንጀሉ ግን በአብዛኛው ኮፐንሃገን ላይ ስለሚዞር ማልሞ እንግዳ ማረፊያ ትመስላለች፤ የሁለቱ አገር ሚዛን ያዘነበለበት ሲዝን ይሄ ነው። ክፍሎቹ ማነሳቸው ግን ጠቅሞታል፣ የሚባክን ነገር የለበትም።

ሌላው ገቢ ራሱ ሐሳቡ ነው። አሜሪካኖች ታሪኩን ወደ አሜሪካና ሜክሲኮ ድንበር ወስደው በ2013 የራሳቸውን ሠሩ። በዚያው ዓመት እንግሊዝና ፈረንሳይ አስከሬኑን ከባሕር በታች ባለው ዋሻ መሀል አስቀምጠው ሦስት ሲዝን ሠሩበት። ሩሲያና ኢስቶኒያ፣ ማሌዥያና ሲንጋፖር፣ ጀርመንና ኦስትሪያም ተከትለዋል። የአሜሪካው በሁለት ሲዝን ቆመ፤ የእንግሊዝና የፈረንሳዩ ከሁሉም ይሻላል፣ ምክንያቱም ሁለቱ ቋንቋዎች በእውነት አይግባቡም፣ ግጭቱ ከዚያ ይወለዳል። እያንዳንዱ እንደገና የተሠራ ሥራ ለባለሐሳቦቹ ክፍያ አለው። ውል ስትፈርሙ «ሁሉንም መብት» የሚል ሐረግ ካያችሁ፣ ሐሳቡን ለሌላ አገር የመሸጥ መብት እዚያ ውስጥ ተውጦ እንዳለ እወቁ። ለብቻው ይውጣ፣ ለብቻው ይሸጥ።

ከዓለም አቀፍ ሽያጭ የሚመጣው ብርም በቀጥታ እጅ አይገባም። መጀመሪያ አከፋፋዩ ኮሚሽኑን ይወስዳል፣ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ። ቀጥሎ ለማስታወቂያና ለገበያ ያወጣውን ይቆርጣል፣ ከዚያ በቅድሚያ የሰጠውን ያስመልሳል። ፈንዶችና ሸሪኮች ቀጥለው ይቆማሉ። ፕሮዲውሰሩ የሰልፉ ጫፍ ላይ ነው። ለወጪ ቅነሳው ጣሪያ ያላስቀመጠ ውል ለዓመታት ዜሮ የሚል ሪፖርት ብቻ ሊያመጣ ይችላል።

ሙሉውን ገንዘብ አንድ ትልቅ ስትሪሚንግ ድርጅት ቢከፍል አይቀልም ወይ ለሚል ሰው፣ ይቀላል። ውል አንድ፣ አለቃ አንድ፣ ገንዘቡም ቶሎ ይመጣል። በለውጡ ሁሉም መብት አብሮ ይሄዳል፤ ሥራው ዓለምን ቢያዳርስ የሚጨመር ነገር የለም። ከዚያም ከፋዩ ሐሳቡን ሲቀይር የሚይዝ የለም። ኤችቢኦ ማክስ በ2022 በኖርዲክ አገሮች የራሱን ድራማ መሥራት አቆመ፣ ቪያፕሌይም በ2023 ከበርካታ የውጭ ገበያዎች እወጣለሁ አለ። አምስቱ የኖርዲክ የሕዝብ ጣቢያዎች ግን በ2018 በዓመት 12 ድራማ በጋራ ለመሥራት ተስማሙ፣ እያንዳንዱም በሁሉም ዘንድ ለ12 ወር እንዲታይ። ብዙ ትንንሽ ከፋይ ማስማማት ያደክማል፣ ስብሰባው ማለቂያ የለውም፤ አንዱ ቢወጣ ግን ቤቱ አይፈርስም። እኛ ይህን መንገድ እንመርጣለን።

ከዚህ ወደ ሀዋሳ ምን ይመጣል? ከጥቁር ውሃ ወዲህና ወዲያ ያለውን መንገድ አስቡት፤ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ክልሉ ሌላ ነው፣ የሥራ ቋንቋው ሌላ ነው፣ ነጋዴው፣ ተማሪው፣ ታካሚው ግን ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል። ሁለት የክልል ጣቢያዎች እኩል «የኔ» የሚሉት ታሪክ እዚያ መንገድ ላይ አለ፤ የግድ ግድያም መሆን የለበትም፣ የጠፋ የጭነት መኪና ይበቃል። ለመጀመሪያ የጋራ ሥራ ከኦስሎ በፊት እዚህ መሞከር ይሻላል፤ ውል፣ ክፍያ፣ ርክክብ የሚለመደው በአገር ቤት ገንዘብ ነው።

ወደ ውጭ ለሚያስቡ፣ የኖርዌዩ ሰርፎንድና ከበርሊን ፌስቲቫል ጋር የተያያዘው ከ2004 ጀምሮ ያለው ወርልድ ሲኒማ ፈንድ የእኛን አገር ሥራ ይቀበላሉ፤ የመጀመሪያው የኖርዌይ፣ ሁለተኛው የጀርመን ሸሪክ ይጠይቃል። ሁለቱም ግን በዋናነት ለሙሉ ፊልም እንጂ ለተከታታይ ድራማ አይደሉም። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 ካን ላይ የታየው በኢትዮጵያ፣ በፈረንሳይ፣ በጀርመን፣ በኖርዌይና በኳታር ተሳትፎ ተሠርቶ ነው፤ መንገዱ የተሄደበት ነው ማለት ነው። የ1992ቱ የአውሮፓ የጋራ ፊልም ስምምነትም የሚመለከተው ሲኒማን ነው፣ ስለዚህ ተከታታይ ድራማ ላይ በዋናነት የሚያስተዳድረው በኩባንያዎች መካከል የሚፈረመው ውል ነው። ሸሪክ ፊት ከመቅረብ በፊት አምስት ወረቀት ይዘጋጅ፤ ጸሐፊው መብቱን ለኩባንያው ያስተላለፈበት የተፈረመ ውል፣ የንግድ ፈቃድ፣ በብርና በዩሮ የተሠራ በጀት፣ እያንዳንዱ መዋጮ የተረጋገጠ ወይም ያልተረጋገጠ መሆኑን የሚለይ የገንዘብ ዕቅድ፣ ከራስ አገር ጣቢያ የተጻፈ የፍላጎት ደብዳቤ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የመጀመሪያው ነው፤ ስክሪፕቱ በጓደኝነት ተጽፎ ወረቀት አይኖረውም፣ ድርድሩም ጠበቃው ያንን በጠየቀበት ቀን ይቆማል።

ገዝቶ ለሚያይ ሰው የመጀመሪያውን ሲዝን በብሉሬይ፣ በዋናው ቋንቋ፣ በቀን ሁለት ክፍል እንመክራለን፤ ጀርመኖቹ እንዳዩት ማለት ነው። ሁለተኛውን ወዲያው አስከትሉ፣ ሦስተኛውን ግን ትንሽ አሳርፋችሁ ጀምሩት፤ ማርቲንን ሳይረሱ ሄንሪክን መቀበል ይከብዳል።